የሙሽራ ክኒን

ብርቅነሽ ተጸያፊ ናት፤ ይህን ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ የሚያውቃት ሀበሻ ሁሉ ይመሰክራል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ትቀመጣለች። የሰው ፎጣ አትነካም። ረክሻ፣ ያገር ቤቱን ባጃጅ፣ ስትሳፈር ወንበሩን በመሀረብ ሳትጠርግ አትቀመጥም፤ አጠገቧ ያለ ሰው ካስነጠሰ ፊቷን አዙራ ትንፋሿን ትይዛለች። ሰው ይስቅባታል፤ የትውልድ አገሯን ጠቅሶ «የጭልጋ ልዕልት» ይላታል። የዚችን ሴት እንጀራ የሚያውቅ ግን አይስቅባትም። በመተማ በኩል ካርቱም ከገባች ጀምሮ ሥራዋ የሌላ ሰው እድፍ ነው። አል-ማንሺያ ውስጥ፣ ዓባይ ዳር፣ ወለሉ እብነ በረድ የሆነ ቤት ታጸዳለች። እብነ በረዱ ያብረቀርቃል፤ በላዩ የሚመላለሱት ግን ሽንት ቤት ገብተው ውሃ መልቀቅ እንኳ የሚከብዳቸው ናቸው። ከመታጠቢያው ጉድጓድ የተቋጠረ ፀጉር የምትመዘው እሷ፣ አልጋ ሥር የተረሳ የምግብ ሳህን ከነሻጋታው የምታወጣው እሷ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቆሻሻ ሲያቅለሸልሻት የዋለች ሴት ቤቷ ስትገባ ንጹሕ ነገር ብትፈልግ ምን ይፈረድባታል?

ባሏ ገብረየስ እዚያው ማንሺያ ጋፊር ነው፤ ግንባታው ያላለቀ ፎቅ በር ላይ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የሚጠብቅ ዘበኛ። ፅዮን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ካርቱም የተወለደች፣ ዐረብኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለች ስትለፈልፍ የምትውል፣ በሰባት ዓመቷ የግቢውን ሰው ሁሉ ጉድ የምታውቅ ልጅ። የሚኖሩት ሀበሾች ክፍል ክፍል ተከራይተው በሚያድሩበት ግቢ ነው። ከበሩ ጎን ዚር ቆሟል፤ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ እንስራ። ከክዳኑ ጋር በገመድ የታሰረ አንድ የብረት ኩባያ አለ፣ ኮዝ ይሉታል። በዚያ አንድ ኮዝ ግቢው ሁሉ ይጠጣል፤ የጠማው መንገደኛም ገብቶ ይጠጣል። ፅዮን ግን ሳታለቀልቀው ከንፈሯን አታስነካውም ነበር። «የእናቷ ልጅ!» ብሎ የማይስቅ አልነበረም። ብርቅነሽ በዚህ በልቧ ትኮራ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በተራ ጉንፋን ነው። ልጅቷን ጥቂት ቀን አተኮሳት፣ ተሻላት፣ ትምህርት ቤቷም ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ያለ ነገሩ ትስቃለች፣ ያለ ነገሩ ትጮኻለች፣ እንቅልፍ የሚባል ከዓይኗ ጠፋ። ባዶ አፏን እንደሚያመሰኳ ከብት ታላምጣለች። ብርቅነሽ «ተሞላቀቅሽብኝ» እያለች ትቆጣት ጀመር። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ልብስ እያጠበች ሳለ ኮዙ ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ሰማች። ዞር ስትል ፅዮን ዚሩ ሥር ወድቃ ትንፈራገጣለች፤ ዓይኗ ተገልብጧል፣ ከአፏ አረፋ ይወጣል።

ዓርብ ነበርና ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። አንድም ሰው አልነካትም። የሚጥል በሽታ በአረፋው ይጋባል የሚለውን ከአገር ቤት ተሸክመው በረሃ አቋርጠዋል፤ ሌላው ጓዛቸው መንገድ ላይ ሲቀር ይሄ አልቀረም። ክብ ሠርተው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ። ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ሙላቷ ብቻ ጠጋ አለች፤ እሷም ልትረዳ ነው እንዳይባል፣ ክብሪት እየጫረች እያጠፋች ጭሱን ከልጅቷ አፍንጫ ሥር ትሰድዳለች። የክብሪት ሽታ በሽታውን ያስለቅቀዋል ነው ነገሩ። ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ እጇን ብቻ ስለዘረጋች አንዱ እንጨት አምልጧት የፅዮንን ከንፈር ጠበሰው።

«ወዲያ በይ! ዞር በይ ከልጄ ላይ!» ብላ ብርቅነሽ ገፈተረቻት።

ያቺ የሰው ፎጣ የማትነካ ሴት የልጇን አረፋ በባዶ እጇ ጠረገች፤ ሽንቷን በቀሚሷ አደረቀች፤ አልቀፈፋትም። የቀፈፋት ዙሪያዋን የቆመው ሰው ነው። በየሰርጉ አብረው የጨፈሩ፣ በየማኅበሩ ከአንድ ጽዋ የጠጡ፣ ስለ ፍቅርና ስለ አገር ልጅነት ሲያወሩ ሌላ ሰው የማያስወሩ፣ እነሱ ናቸው አንዲት ሕፃን ስትሞት ቆመው ሊያዩ የነበሩት። ኤዲያ! ልጅቷ ነቅታ ገና ሳትነሳ ሙላቷ የኮዙን ገመድ በቢላ ቆረጠች፤ ኮዙንም በእንጨት እየገፋች ቆሻሻው ውስጥ ከተተችው። በማግሥቱ አዲስ ኮዝ መጣና ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ሚስማር ላይ ተሰቀለ።

«አትቀየሚኝ ብርቄ፤ ለሁላችንም ብዬ ነው። የራሷን ኩባያ ግዢላት፣ ኻላስ፣ በቃ» አለች ሙላቷ።

ብርቅነሽ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ገዛች። «ከእነሱ አፍ የተረፈ ከምትጠጪ ይሄ ይሻልሻል» አለቻት ፅዮንን። ልጅቷ ኩባያዋን በሁለት እጇ ተቀበለች። ቃላቷ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠፉ ነበር፤ መጀመሪያ አማርኛው፣ ቀጥሎ ዐረብኛው። በመጨረሻ የቀረላት «ማማ» ብቻ ሆነ፤ እሱም ውሎ አድሮ ሄደ። ያ ሁሉ ልፍለፋ የነበረበት አፍ ባዶውን ያላምጣል። መድኃኒት ቤት ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ሽሮፕ ሰጧት፤ አልያዘላትም። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ጂን ነው አለ። ጠበል ያጠመቋት ቄስ ግን እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ጠበሉ አይቀርባትም፤ ሐኪሙንም አትተዪ» አሏት። ከሰው ሁሉ አፍ የወጣ ደህና ነገር ይሄ ብቻ ነበር።

ቡሪ ሰፈር ውስጥ የልጆች የነርቭ ሐኪም ዶክተር አብዱልወሃብ አለ ተባለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚናገር፣ የሚቸኩል ሰው ነው። ልጅቷን አስተኝቶ ከጀርባዋ በመርፌ ውሃ ቀዳ፣ ብዙ ነገር ጠየቀ፤ ጉንፋኑን፣ ሳቁን፣ እንቅልፉን፣ ማላመጡን። ከዚያ ብርቅነሽ በማታውቀው የተማረ ዐረብኛ ስለ ሰውነት መከላከያ አንድ ነገር ተናግሮ አለፈ። ሀበሻ የቤት ሠራተኛ ምን ይገባታል ብሎ ይሁን ሌላ በሽተኛ እየጠበቀው፣ እሱ ያውቃል። ፅዮንን አስተኝተው በክንዷ ደም ሥር መድኃኒት በጠብታ ሰጧት። ጠብታው ሲያልቅ ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በነቃች ጊዜም የእናቷን ፊት ፈልጋ አገኘችው። ከታመመች ወዲህ ልጅቷ እናቷን እንዲህ አድርጋ አይታት አታውቅም። ወደ ቤት ሲሸኛት ዶክተሩ ትናንሽ ነጫጭ ክኒኖች ሰጣት፤ «አንድ ቀን እንዳታቋርጪ፤ መቀነሻውን እኔ እነግርሻለሁ» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ልጅቷ መውደቋን ተወች። «ማማ» ተመለሰ፣ ከዚያ «ሞያ» መጣ፣ ውሃ ማለቷ ነው። ግን ፊቷ ያብጥ ጀመር። ጉንጮቿ ተነፍተው ዓይኖቿን ዋጧቸው፤ ሆዷ ወጣ፤ ያ ረሃብ የሚባለው ነገር ደግሞ ሌት ተቀን አይለቃትም። ከበሽታው ያልተጠጋ ሰው ሁሉ ለወሬው ተጠጋ።

«ምን እያበላቻት ነው?» አለች ሙላቷ፣ ብርቅነሽ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ወላሂ ለዐረብ ልትድራት ነው የምታደልባት!»

ሴቶቹ ሳቁ። ስለ ሰባት ዓመት ልጅ ነው የሳቁት። እንዲህ ያለ ሳቅ ከየት እንደሚወጣ እንጃ፤ ብቻ ከጥሩ ቦታ አይወጣም።

ብርቅነሽ ወሬውን ከግቢው ትታው ወደ ሥራዋ ብትሄድም ማንሺያ ላይ ቀድሟት ጠበቃት። የቤቱ ልጅ ጀሚላ ልትዳር ነበር። እንደ ደንቡ ሙሽራዋ ከቤት አትወጣም፤ ክፍል ዘግታ ትታጠናለች፣ በቅባት ትታሻለች፣ ቆዳዋ እንዲነጣ፣ ገላዋ እንዲሞላ ትደክማለች። ክፍሉ ይከረፋል፤ ሽቶው ከላቡ፣ ቅባቱ ከተበላው ሥጋ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ብርቅነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥላ መስተዋቱ ፊት ያለውን ስትወለውል እጇ ቆመ። ከማንጫ ቅባቶቹ መካከል የፅዮን ክኒን ተቀምጧል። ማሸጊያው ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ስሙም ፊደል በፊደል ያው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ጀሚላ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ቆነጠጠች። «የማወፈሪያ ክኒን ነዋ! ሽቶ የምትሸጠዋ ሴት ናት ያመጣችልኝ። ሙሽራ ሁሉ ይወስደዋል። ጉንጬን እይው፣ ሐብሐብ አልሆነም?»

ብርቅነሽ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን በላይዋ ዘጋች። ሙላቷ ውሸቷን አልነበረም ማለት ነው! ያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰውዬ ለሕፃን ልጅ የሙሽራ ክኒን ሰጥቷታል። ሽቶ ሻጭ የምትቸረችረውን፣ የሴት ገላ ለወንድ የሚደለብበትን ነገር፣ ሀበሻ ናት አታውቅም ብሎ ልጇን አጉርሷታል። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር፤ ስንጥሩ ግን የት እንዳለ ሳያዩ ገንፎውን ሁሉ መድፋት ምን ይባላል? ቤቷ እንደገባች ክኒኑን ከነማሸጊያው የግቢው ሽንት ቤት ውስጥ ወረወረችው። ለገብረየስ አልነገረችውም፤ ለዶክተሩም አልደወለችም። እጇን ደጋግማ በሳሙና ታጠበች፤ ንጹሕ ሥራ የሠራች መስሏት እፎይ አለች።

እፎይታው ብዙ አልቆየም። ፅዮን ዝላ ዝላ ተኛች። የበላችውን ታስመልሳለች፣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ስትጠራ አትሰማም። ያ ባዶ ማላመጥ ተመለሰ። ከዚያ ወደቀች፤ ሳትነቃ ደግሞ ያዛት፤ ሳይለቃት ደግሞ ያዛት። ገብረየስ ከሥራው ጠርተውት መጥቶ ልጁን አቅፎ ረክሻ ውስጥ ገባ። «ያላ! ያላ ያ ኣኺ!» ፍጠን ወንድሜ እያለ የሾፌሩን ወንበር ይደበድባል፤ ብርቅነሽ የልጇን ምራቅ በመዳፏ እየጠረገች፣ ቡሪ የማይደርሱበት አገር መሰላት።

ሐኪሞቹ ተረባርበው ልጅቷ ስትረጋ ዶክተር አብዱልወሃብ ወጣ። «ክኒኑን አቋርጣለች?»

«እኔ ነኝ ያቋረጥኩት!» አለች ብርቅነሽ፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም ነበር። «የሙሽራ ክኒን ነው! በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን ምን ሊያደርጓት ነው?»

ገብረየስ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ይህን ገና መስማቱ ነው። ዶክተሩ አልጮኸም። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ ዐረብኛውንም ወደ ሰፈር ዐረብኛ አወረደላት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ባልሽ ምን ይሠራል?»

«ጋፊር ነው።»

«ጋፊር ለምን ይቀጠራል?»

«ሌባ ሊያባርር ነዋ።»

«ሰውነትም ጋፊሮች አሉት። ጉንፋን ሲገባ፣ ቁስል ሲመረቅዝ፣ የሚደበድቡለት እነሱ ናቸው። የልጅሽን ምን እንደቀሰቀሳቸው በእርግጥ አላውቅም፤ ምናልባት ያ ጉንፋን ይሆናል። ሌባው ከሄደ በኋላ ግን አላረፉም፤ ዱላቸውን ይዘው የቤቱን ልጅ መምታት ጀመሩ። የሚመቱት አንጎሏን ነው። የሚጥላትም እሱ፣ ቃሏን የወሰደባትም እሱ። ተራው መድኃኒት ለብቻው ያልያዘላት ለዚህ ነው። ይሄ ክኒን ጋፊሮቹን ያበርዳቸዋል።»

«ታዲያ ሙሽሮቹስ?»

የዶክተሩ ፊት ተኮማተረ፤ ብርቅነሽ ያን ፊት ታውቀዋለች፣ የራሷ ፊት ነው። «እነሱ ባልታመመ ሰውነት ላይ ነው የሚውጡት። ማበጡ የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ ጉዳቱን ቁንጅና ብለው ገዙት። አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ ጋፊሩ ስለሚተኛም ትንሹ ቁስል ይገድላል። ማጋነን አይደለም፣ እዚህ አልጋ ላይ ሙሽሮች አይቻለሁ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከእጅ እጅ ይለያል። በድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውነት ራሱን መደገፍ ስለሚረሳ ይወድቃል። ይህን መጀመሪያውኑ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

«ቃሏስ? ይመለሳል?»

«ኢንሻላህ። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

ብርቅነሽ እጇን አየችው። በሳሙና ደጋግማ ያጠበችው፣ ንጹሑ እጅ። አላርፍ ያለች ጣት አር ጠንቁላ መጣች ይባላል፤ የእሷ ጣት ግን የጠነቆለችው የልጇን አንጎል ነው። ራሷን ተጸየፈች፤ ሙላቷን ከተጸየፈችው በላይ፣ ሽንት ቤት ካጠበችበት ቀን ሁሉ በላይ። ገብረየስ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ከልጁ አልጋ ሥር ያስቀመጠውን ዱላውን አንስቶ ከበሩ ውጭ አስደገፈው።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው። ጠብታው ተደገመ፣ ክኒኑ ተመለሰ፤ ብርቅነሽ ጠዋት ጠዋት ልጇን ራሷ ታጎርሳታለች፣ መዋጧንም አፏን ከፍታ ታያለች። ግቢው የሚለውን ይበል። ዶክተሩ መጠኑን እያደር እያሳነሰ ወሰደው። ማንሺያ ላይ ለጀሚላ ያየችውን ነገረቻት፤ ጀሚላ ሳቀችባትና ክኒኗን ዋጠች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ፣ አቧራው መጥቶ ሲሄድ፣ ክኒኑ ጨርሶ ቆመ፤ የፅዮን ጉንጮች ሟሸሹ፣ ዓይኖቿ ወጡ። አልወደቀችም። ቃላት ግን በጣም ጥቂት ነበሩ። «ማማ»፣ «ሞያ»፣ «ና»፣ «አልፈልግም»። ሁለት ቃል አያይዛ አትናገርም። ያቺን ለፍላፊ ልጅ ብርቅነሽ በየቀኑ ትጠብቃት ነበር፤ ስታጥባት፣ ስታጎርሳት፣ ጆሮዋ ከአፏ አይለይም። አረንጓዴዋ ኩባያ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮዙ አሁንም ከሚስማሩ አልወረደም።

ፋሲካ ሲቃረብ ሙላቷ የብርቅነሽን በር አንኳኳች። ፅዮን ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ያንን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። አሁን ግን ዘው ብላ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ፈገግታዋ ከጆሮ ጆሮ ነው።

«እንዴት አማረባት ልጅሽ፣ ማሻላህ! ብርቄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከጅዳ የሚመጣ ሰው አለ፤ ለፋሲካ ለትዳር ሊያየኝ ነው። ፎቶ ብልክለት ከስተሻል አለኝ። ያ የፅዮን ክኒን ... ያ ጉንጭ የሚሞላው ... ተርፏችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ብርቅነሽ ከአልጋው ጠርዝ ራቅ ብላ ቆመች። «ለዐረብ የሚያደልበው ክኒን?»

«ኧረ ያኔ በጨዋታ ነው፣ ወላሂ!»

«ከሷ የተረፈ መዋጥ አይቀፍሽም?»

«ክኒን ምን አለው፣ ታሽጎ ነው ያለው።»

«ፅዮን፣ ለአክስትሽ ለኻልቶ ሙላቷ ውሃ አምጪላት» አለች ብርቅነሽ።

ልጅቷ ተነሳች፤ አረንጓዴዋን ኩባያ ከመስኮቱ አነሳች፣ ውሃ ቀዳች፣ በሁለት እጇ ይዛ አመጣች። ሙላቷ ኩባያዋን አወቀቻት። ተቀበለቻት። ብርቅነሽን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ የጅዳውን ሰው አሰበች መሰለኝ፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እንደ ኮሶ ጨለጠችው። ጠጥታ ስታበቃ ከንፈሯን በቀሚሷ ጫፍ ግራና ቀኝ ፈተገችው፤ አፏ ውስጥ የቀረውንም ወደ ኩባያዋ መልሳ ተፋችው። ሰው ፊት፣ ሕፃኗ ፊት።

«ክኒኑ አልቋል» አለች ብርቅነሽ። «ቢኖርም አልሰጥሽም። ልጄን ያዳነ መድኃኒት አንቺን ይገድልሻል። ስለምወድሽ እንዳይመስልሽ የምነግርሽ፤ ሬሳ ማጠብ ስለሚያስጠላኝ ነው።»

ሙላቷ ፊቷ ጠቆረ። ኩባያዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ተነሳች። ፅዮን ጎንበስ ብላ አነሳቻት፤ ውስጧን አየች፤ አፍንጫዋን ሸበሸበች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ ወደ እናቷ ዘረጋቻት።

«ማማ፣ ኩባያዬን እጠቢልኝ፤ በሳሙና፣ ኻልቶ ጠጥታበታለች» አለች።